ያረጀ የቤት ማሞቂያ ቦይለር ውሃ ሲያፈስ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ሆነን ቦይለር ስንል የሻወር ውሃ ማሞቂያውን ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቤዝመንቱ ውስጥ ሌላ ዓይነት ቦይለር ያገኛል፤ ውሃ በጋዝ አሙቆ በየክፍሉ ወዳለው ራዲያተር እየላከ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ ትልቅ ብረት። የኔም ቤት እንደዚያ ነው። አምና ጥር ላይ ከሥሩ ውሃ ተኝቶ ሳየው ቶሎ ልድፈነው ብዬ ነበር። እሱ ነው የመጀመሪያው ስህተት።

ከየት እንደሚፈስ ሳታውቁ ምንም አትንኩ። ውሃ ቧንቧ ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ሁሉንም በጨርቅ አድርቁት፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ፣ ባትሪ ይዛችሁ ጠብቁ። አንዳንዴ ጭራሽ ቀዳዳ የለም። ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃ ከ130 ፋራናይት በታች ሆኖ ሲቆይ፣ በጋዙ ጭስ ውስጥ ያለው እርጥበት ብረቱ ላይ እንደ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ለመለየት ቦይለሩን አጥፉና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የውሃ መሙያውን ቫልቭ ዝጉ፣ የግፊት መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉት። ከሰዓታት በኋላ ቁጥሩ ከወረደ ውሃ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው።

ቀጣዩን እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ቦይለሩ ላይ ትንሽ ማንሻ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ አለ፣ ከሱም ወደ ወለሉ የሚወርድ ቧንቧ። ውሃው ከዚያ ሲንጠባጠብ ጫፉን በታፖ የሚዘጉ ሰዎች አሉ። በፍጹም አታድርጉት! ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከላይ ደግሞ ልጆች ተኝተዋል። በሙቅ ውሃ ቦይለር ላይ ይህ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያው ላይ ያለው አሃድ) ላይ ይከፈታል፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግፊቱ 12 አካባቢ ነው። (ጎኑ ላይ የውሃውን ልክ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ ካለው የእንፋሎት ቦይለር ነው፣ ቁጥሮቹም ሌላ ናቸው።) ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ የሚሰጠው ኤክስፓንሽን ታንክ የሚባለው ነው። አሁን በብዛት ያለው ዓይነት ውስጡ አየሩን ከውሃው የሚለይ ጎማ አለው። ጎማው ሲቀደድ ውሃው የሚሰፋበት ያጣል፣ ግፊቱ 30 ይደርሳል፣ ቫልቩም ይከፈታል። እንግዲህ ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የተበላሸው ታንኩ ነው።

የኔ ችግር ይኸው ነበር። የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ቫልቩን ብቻ ቀይሮ ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ፈሰሰ። ታንኩን መፈተሽ ግን ቀላል ነው። እንደ መኪና ጎማ መንፊያ ያለ ጫፍ አለው፤ እሱን ትንሽ ጫን በሉት፣ አየር ሳይሆን ውሃ ከወጣ ጎማው አልቆለታል። ብዙ ጊዜ ሲያፈስ የቆየ ቫልቭ ደግሞ ቆሻሻ ስለሚይዝ በደንብ አይገጥምም፣ ስለዚህ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ።

ውሃው አልቆ ደርቆ እየነደደ ካገኛችሁት ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩበት። ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ አደጋ ያመጣል። ማጥፊያው ብዙ ቤቶች ውስጥ ቤዝመንት ደረጃ አናት ላይ ያለው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አጥፉት፣ ጋዙን ዝጉ፣ ለሰዓታት ተዉት።

ውሃው ውስጥ የሚጨመር የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ይሸጣል። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፣ ፓምፑንና ጠባብ መተላለፊያዎችንም ሊዘጋ ይችላል። ከውጭ የሚለጠፍ ማጣበቂያም ብረቱ ሲሞቅ ሲሰፋ፣ ሲቀዘቅዝ ሲሰበሰብ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። የቦይለሩ ዋና አካል ከተሰነጠቀ ለአዲስ ተዘጋጁ። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን በየሳምንቱ ለማይዘልቅ ጥገና መክፈልም ገንዘብ ነው።

"ትንሽ ጠብታ ናት" ብሎ መተውም አለ። በሰከንድ አንድ ጠብታ በዓመት ከ3,000 ጋሎን በላይ ውሃ ነው። አውቶማቲክ መሙያው ዝም ብሎ ስለሚተካው አይታወቃችሁም፣ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ግን አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ ብረቱም ከውስጥ ይዝጋል። ውሃው እሳቱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ ጋዙ በደንብ ስለማይነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ስለዚህ የዚህ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያችሁ መሥራቱን ዛሬውኑ እዩ።

የቫልቭ እጀታ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ቦይለሩ ቀዝቅዞ እጀታው ሥር ያለውን ነት ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ። አልቆም ካለ ተዉት፣ አሮጌ ቧንቧ ጉልበት አይችልም።

ቧንቧው ላይ የተጠቀለለውን ነጭ ነገርም አትፋቁት። ከ1980 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ አዝቤስቶስ የሚባለው የድሮ ሙቀት መከላከያ ሊሆን ይችላል፣ ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። መጀመሪያ ይመርመር።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት የግፊት መለኪያውን ሁለቴ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ አንዴ ቀዝቅዞ፣ አንዴ ሞቆ። ቀዝቃዛው 12፣ ሙቁ 30 ከሆነ ያንን ንገሩትና መጀመሪያ ታንኩን እንዲያይላችሁ ጠይቁት።