አባ ኮዳን እንዴት መፍራት እንዳቆምኩ

ሐዋሳ ተወልዶ አባ ኮዳን፣ ያንን ራሰ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ መፍራት ያስቃል፤ እኔን ግን ለዓመታት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አርቆኝ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ መጀመሪያ ያጻፈችኝ «ከቀረብኩት ዓይኔን ያወጣዋል» የሚለውን ግምቴን ነው። ከዚያ ከ0 እስከ 100 የሚለካ የፍርሃት መሰላል ሠራን፦ ፎቶውን ማየት 20፣ ከገበያው በር ውጭ ቆሞ መመልከት 50፣ አጠገቡ ዓሣ መብላት 95። ደንቡ አንድ ነው፤ ፍርሃቱ ሳይበርድ ከቦታው አለመሸሽ። እኔ 50 ላይ ሁለቴ ሸሸሁ፤ በማግስቱም ባሰብኝ። ሽሽት ፍርሃትን እንደሚቀልብ ያኔ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን 25 ደቂቃ ቆምኩ፤ ላቤ ደረቀ፤ ቁጥሩም ወደ 20 ወረደ። ትናንት አንዱ መላጣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ከእግሬ ሥር የዓሣ አንጀት ለቀመ። ዓይኔን ቀና ብሎ እንኳን አላየውም።