ፍም የበላውን የግቢ ሰው ሠራሽ ሣር እንዴት እንጠግን?

እኛ ግቢ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነጥብ የመጣችው በፋሲካ ማግሥት ነው። ቡና ተጠጥቶ ምድጃው ሲነሳ አንዲት ፍም ወደቀች። እማዬ በጫማዋ ረገጠቻት። እሳቱ ጠፋ፤ ሣሩም አብሮ ጠፋ። የቀለጠው ፕላስቲክ እንደ ማስቲካ ተድቦልቡሎ ደረቀ።

የዚህ ሣር ክር ባብዛኛው ፖሊኤትሊን ነው። 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። የከሰል ፍም ደግሞ ከ500 ዲግሪ ይበልጣል። የቀለጠ ክር አይነሳም፤ ያለው አማራጭ ቆርጦ መተካት ነው። ግን ለአንድ ቀዳዳ ብሎ ግቢውን በሙሉ መቀየር አያስፈልግም።

መጀመሪያ አልቋል ወይስ ተኝቷል?

ከበሩ እስከ ደረጃው ያለው መተላለፊያ ብዙ ጊዜ ያለቀ ይመስላል። ምናልባት የተኛ ብቻ ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርገው ክሩ ይለሰልሳል። ያኔ በጠንካራ የግቢ መጥረጊያ ከተኛበት በተቃራኒ ደጋግመው ይጥረጉት። የሽቦ ብሩሽ ግን አያስጠጉ፤ ክሩን ይበጣጥሰዋል። ሣሩ ረዘም ያለ ከሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ታጥቦ የደረቀና የተነፋ አሸዋ በስሱ በትነው ወደ ሥሩ ይጥረጉት። ክሩን ደግፎ ያቆመዋል። አፈር ያለበት አሸዋ ከሆነ የውሃ ማውረጃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ተጠርጎም ካልተነሳ፣ ክሩ ተበጥሶ ሥሩ ያለው ጥቁር ጨርቅ ከታየ፣ ወደ መቁረጡ እንሂድ።

ቁራጩን ከየት እናምጣ?

ሲነጠፍ የተረፈ ቁራጭ ካስቀመጡ ጥሩ። ካላስቀመጡ ትንሽ ናሙና ይዘው መርካቶ ይውረዱ። አረንጓዴውን ብቻ አይዩ፤ የክሩን ቁመትና ከሥር ያለውን ቡናማ ጭረት ያመሳስሉ። ያም ሆኖ አዲሱ ይለያል። የእርስዎ ሣር ዓመታት ፀሐይ ጠጥቷል፤ ያኛው ገና ከጥቅልል መውጣቱ ነው። ስለዚህ እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ መጠገኛውን ከራሱ ከግቢው ጥግ፣ እኩል ፀሐይ ከሚያገኝ ቦታ እቆርጣለሁ። አዲሱን ሣር ጥጉ ላይ አስገብቼ የአበባ ሳህን አቆምበታለሁ። እስካሁን ማንም አላወቀብኝም።

አቆራረጥ

ሣሩን ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩ ስፌቱ በቀጥታ መስመር የተደረደረ ነው። በከተር በሁለቱ መስመሮች መሐል ይቁረጡ። ስፌቱን ከነኩት ጠርዙ ላይ ያለው ክር ይረግፋል። ቃጠሎው ክብ ቢሆንም እርስዎ አራት ማዕዘን አድርገው፣ በየጎኑ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ጨምረው ያውጡት። መሬቱ ላይ ተጣብቆ የማይገለበጥ ከሆነ፣ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ፀጉር እንደሚከፍል ክሩን በጣትዎ ከፍለው ከሥር ያለውን ጨርቅ ብቻ ይቁረጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሣሩ ፊት አለው፤ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። የወጣውም የሚገባውም ቁራጭ ጀርባ ላይ ክሩ ወደሚተኛበት በእስክሪብቶ ቀስት ያድርጉ። የሁለቱንም ጀርባ ወደ ላይ አድርገው፣ ቀስቶቹ አንድ ወገን እያዩ፣ አሮጌውን እንደ ልክ ተጠቅመው አዲሱን ይቁረጡ። እኔ የመጀመሪያውን አዙሬ ለጠፍኩት። ከበረንዳ ሲታይ ጠቆር፣ ከበር ሲታይ ነጣ ይል ነበር። ነቅዬ ደገምኩት።

ማጣበቅ

ይሄን ሥራ በክረምት አይጀምሩት። እርጥብ ሊሾ ላይ ማስቲሽ አይዝም። ወለሉ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቀን ይፈልጋል። አሮጌውን ሙጫ ይፋቁ። ከሥሩ አፈር ከሆነ ጎድጓዳውን ሞልተው ጠቅጥቀው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ጥገናው በመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ያቁራል።

ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመገጣጠሚያ ጨርቅ ከቀዳዳው ጠርዞች ሥር ያስገቡ፤ ግማሹ ከነባሩ ሣር ሥር፣ ግማሹ ወደ ቀዳዳው። መጀመሪያ ማስቲሹን ትርፍ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ካልጎዳው ጨርቁንም የሣሩን ጀርባም በስሱ ይቀቡ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ቁራጩን ሲያስገቡ በጠርዞቹ መሐል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ፤ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል። ጠርዙ ሥር የገባውን ክር በማበጠሪያ እያወጡ ይጫኑ። ካርቶን ከላይ አድርገው ብሎኬት ይጫኑበትና ለ24 ሰዓት አይርገጡት። ማስቲሽ ሲተን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ በዚያ ቀን ሲጋራም ከሰልም እዚያ አይድረስ።

እሳት ሳይነካው የቀለጠ ከሆነ ቀና ብለው መስኮቱን ይዩ። የሚያንጸባርቅ መስታወት የፀሐይ ጨረር ሰብስቦ ክሩን ሊያቀልጥ ይችላል። በየቀኑ ብርሃኑ በሚያርፍበት ልክ መስመር ሠርቶ ያገኙታል። መስታወቱን ከውጭ በመረብ ወይም በተክል ሳይከልሉ መጠገን ገንዘብ መጣል ነው።

ለቡናው ደግሞ ከምድጃው ሥር ሰፋ ያለ ሴራሚክ፣ ከሴራሚኩ ሥር ሁለት ጡብ። ሙቀቱ ወደ ሣሩ አይወርድም፤ ፍም ቢወድቅም እዚያው ይቀራል። የእኛ ቤቱ ከመታጠቢያ ቤት የተረፈ፣ ሮዝ አበባ ያለበት ነው። እማዬ አልወደደችውም፤ እንግዳ ሲመጣ ቄጤማ ትጎዘጉዝበታለች።