ሆድ ይፍጀው የሚልን ተራኪ እንዴት እናነባለን?

የካዙዎ ኢሺጉሮን «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» (1989 እ.ኤ.አ.) የተባለ ልብ ወለድ ጀምሮ አርባኛው ገጽ ላይ መተው ቀላል ነው። ተራኪው ስቲቨንስ በእንግሊዛዊው ሎርድ ዳርሊንግተን ቤት የአሳላፊዎች አለቃ ነው። የሚያወራውም ስለ ብር ዕቃ ውልወላና ስለ ሙያ ክብር ነው፤ ስለ ልቡ አይተነፍስም። ስለዚህ ስሜቱን ከእሱ አፍ አይጠብቁ፤ ሌሎች ከሚሉት ይልቀሙ።

እርሳስና ወረቀት ይያዙ። ወረቀቱን ለሁለት ከፍለው በግራ የሚጽፍበትን ቀንና ቦታ፣ በቀኝ የሚያስታውሰውን ዓመት ይመዝግቡ። መጽሐፉ በጁላይ 1956 የተደረገ የስድስት ቀን የመኪና ጉዞ ስለሆነ የምዕራፎቹ ርዕስ ቀንና ቦታ ነው፤ ሳይታዩ አይታለፉም። አምስተኛው ቀን ለምሳሌ የለም። በዚያው ቤት የቤት አያያዝ ኃላፊ የነበረችውን ሚስ ኬንተንን በአራተኛው ቀን ያገኛታል፤ የሚነግረን ግን በስድስተኛው ነው።

በሎርዱ ቤት የተደረገውን የ1923ቱን ጉባኤ ቀስ ብለው ያንብቡ። አባቱ ፎቅ ላይ ሲሞት እሱ ታች ለእንግዶች ፖርት ወይን ይቀዳል። ፊቱ ምን እንደሚመስል አንድም ቃል አይነግረንም። እያለቀሰ መሆኑን የምናውቀው ጌታው «የምታለቅስ ትመስላለህ» ዓይነት ነገር ሲለው ነው። ስቲቨንስ ሳቅ ብሎ በመሐረቡ ፊቱን ይጠርጋል፤ ሰበቡም የቀኑ ድካም ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ያክብቡ።

ትዝታውን ሲያርም ደግሞ ቆም ይበሉ። ሚስ ኬንተን ከበር ጀርባ ስታለቅስ የመሰለውን ጊዜ መጀመሪያ ከአክስቷ ሞት ጋር ያያይዘዋል። በኋላ ግን ሌላ ሰው ለማግባት እሺ ያለችበት ምሽት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። የመጀመሪያው ለእሱ ይቀለዋል፤ በአክስቷ ሞት እሱ የለበትማ! ከጉዞው በፊት የጻፈችለት ደብዳቤም እንደዚያው ነው። ወደ ቤቱ ሥራ መመለስ እንደምትፈልግ አድርጎ ይጀምርና፣ በግልጽ እንዲህ እንዳላለች ኋላ ራሱ ያምናል። ሁለቱንም ቦታ ምልክት አድርገው ያስተያዩ።

ብዙ አንባቢ የሚስተው «ውሸታም» ወይም «ልበ ደንዳና» ብሎ ሲዘጋው ነው። ሎርድ ዳርሊንግተንን አላገለገልኩም ብሎ የካደባቸውን ሁለት ጊዜያት የሚነግረን ራሱ ነው። ምክንያት ሲያበዛ፣ የሚሸሸው ነገር እዚያው አጠገብ ስላለ አንድ ገጽ ወደኋላ ይመለሱ።

ከመጽሐፉ የተሠራውን የ1993ቱን ፊልም ለኋላ ያቆዩት። ካሜራው የስቲቨንስን ፊት ያሳያል፤ መጽሐፉ ግን በፍለጋ እንዲያገኙት የተወው እሱን ነው።