በኮንሶ የበልግን ዝናብ ለክቶ የዘር ቀን እንዴት እንደሚለይ

ኮንሶ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንባል። ዋናው በልግ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሰሜኑ በክረምት ጭቃ ሲያቦካ እዚህ በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባን ክረምት አይቶ ዘር መቁጠር አያዋጣም።

መለኪያው ቀላል ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ትከሻው አልቆ ጎኑ ቀጥ ከሚልበት ላይ ቆርጠው፣ ክዳኑን አውልቀው ላይኛውን ገልብጠው ይክተቱት። የተቆረጠውን አፍ ስፋት በማስመሪያ ይለኩ። ስፋቱን በራሱ አባዝተው ውጤቱን እንደገና በ0.785 ያባዙ። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 78.5 ይመጣል፤ ይህን ለ10 ሲያካፍሉት 7.85 ነው፤ ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ነው። የጠርሙሱን አንገት የለካ ሰው ሒሳቡ በብዙ እጥፍ ይሳሳታል።

ብዙዎች ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይለጥፋሉ። የሃይላንድ መቀመጫ ጎርባጣ ስለሆነ ትንሹን ዝናብ ያዛባል፤ የተጠራቀመውን ውሃ መርፌው በወለቀ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እየሳቡ መለካት ይሻላል።

አንድ ሜትር ከፍታ ባለው እንጨት ላይ ቀጥ አድርገው ይሰሩት፤ ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ ይራቅ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለክተው ይድፉት። ያልዘነበበትን ቀንም 0 ብለው ይጻፉ፤ ባዶ መስመር «አልዘነበም» ይሁን «አልታየም» በኋላ አይለይም።

አስቸጋሪው የሚያታልለውን ዝናብ መለየት ነው። የካቲት ላይ አንድ ማታ ዶፍ ይወርድና ሰው ሁሉ ማሽላና ቦሎቄ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይሆናል፤ ዘሩ ነጭ ጭራ አውጥቶ አፈር ውስጥ ይደርቃል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መስፈርት በተከታታይ 3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡ፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ ከ10 ቀን ያለፈ ደረቅ ጊዜ አለመኖሩ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የዘነበበት ቀን ደረቅ ይባላል።

የመስፈርቱ ሁለተኛ ግማሽ ወደፊት ያለ ነገር ስለሆነ መለኪያው አይነግርዎትም። ስለዚህ 20 ሲሞላ ማሳውን ቆፍረው ይዩ፤ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልወረደ ይታገሡ። አሸዋማው ቶሎ ወደ ታች ያሰርጋል፣ መረሬው ላይ ላዩን ርሶ ውስጡ ደረቅ ይቀራል፤ በአንድ ቦታ ብቻ አይፍረዱ። የሚቲዎሮሎጂን የ10 ቀን ትንበያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ይጠይቁ። እርጥበቱ ስንዝር ከወረደም ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርሱ፤ ሲሶውን ይዝሩ፣ የቀረውን ለሚቀጥለው ዝናብ ያቆዩ።

ከደጋው እርከን ሌላ ወደ ሰገን ወንዝ ዝቅ ያለ ማሳ ያለው ሰው እዚያም ሌላ ሃይላንድ ይስቀል። ላይ 20 የሞላ ዝናብ ታች አቧራውን ብቻ አርሶ ሊያልፍ ይችላል።