በልቶ የማይከብድ ሕፃን፦ ችግርና መፍትሄ

ሕፃኑ 6 ወር ሞልቶታል፣ ጡትም ይጠባል። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የአፍ ቁስል ካለው በቅድሚያ ይታከም። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ወይም የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር ካነሰ ይህን ማንበብ ትታችሁ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ምልክት፦ የቀረበለትን ሁሉ ይጨርሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ያለቅሳል። ክብደቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ምክንያት፦ አጥሚቱ ቀጥኗል። ጎረቤት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላል፣ አያት «ዓይን በልቶት ነው» ትላለች፤ ድስቱን የሚያይ የለም። አንዲት እናት ዘጠኝ ዓይነት እህል ያስፈጨችበትን ዱቄት ይዛ መጥታ «ይህን ሁሉ እየመገብኩት!» ብላ አለቀሰች። እዚያው እንድትሠራው ጠየቅኋት። በአንድ ጆግ ውሃ ሁለት ማንኪያ ዱቄት! «እንዳያንቀው ብዬ ነው» አለች። እህሉ ሃያ ዓይነት ቢሆንስ? ልጁ የሚጠጣው ውሃ ነው።

ሒሳቡ ይኸው። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ያህል ነው፤ 8 ኪሎ ለሚመዝን 240 ግራም። አጥሚቱ በግራም 0.3 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ብቻ ካለው ሆዱ እስኪነፋ ጠጥቶ የሚያገኘው 72 ነው። በግራም 1 ኪሎ ካሎሪ ያለው ገንፎ 240 ይሰጠዋል። ከ9 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከጡት ወተት ሌላ በቀን 300 ያህል ያስፈልገዋል። በቀጭኑ ሦስቴ ቢሞላም 216 ነው፤ ለጡትም ቦታ አይተርፍም።

መፍትሄ፦ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ እስኪሆን አወፍሩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ 40 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል፤ በጭልፋ ግን አይደለም፣ እንቁላልና ወተትንም አይተካም። በጣም ከጠጠረ ውሃ አትጨምሩ። ገንፎው ሞቅ እንዳለ ጥቂት የብቅል ዱቄት አማስሉበት፤ ራሱ ይላላል። ከዚያ እንደገና አንተክትኩት። የሻገተ ብቅል ይጣል።

የጡጦ ጫፍ በመቀስ ቀድዶ አጥሚት ማጠጣት ይቅር! በማንኪያ መግቡ። ከአንድ ዓመት በታች ማር ክልክል ነው። «ጾም ነው፣ ድስቱ ይነካብናል» ለምትሉ፦ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አላስጾመችም፤ ለእሱ ለብቻው ትንሽ ድስት ግዙ።

ምልክት፦ የ3 ዓመት ልጅ ምሳ እምቢ ይላል።
ምክንያት፦ ረፋድ ላይ የበላው ብስኩትና የጠጣው ለስላሳ።
መፍትሄ፦ አትግዙለት።