በጎርፍ ዞን ቤት ስትገዙና ስታድሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዛ ሐበሻ ቁልፉን እንደተረከበ ዓይኑ የሚያርፈው ቤዝመንቱ ላይ ነው። ሻወርና ኪችን ገብቶለት ቢከራይ ሞርጌጁን ያግዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቤቱ ጅረት አጠገብ ከሆነ ግን መዶሻ ሳይነሳ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጎርፍ ቢመጣ ውሃው እስከየት ይደርሳል? ወለሉስ ከዚያ በላይ ነው ወይስ በታች? ካውንቲውም ኢንሹራንሱም የሚነሱት ከዚህ ነው።

ካርታውን ሳያዩ መፈረም

ፊማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ መሥሪያ ቤት የጎርፍ ካርታ አለው። ድረ ገጹ ላይ አድራሻውን ማስገባት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለውም። ዞኑ በኤ ወይም በቪ የሚጀምር ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው። ኤክስ ከሆነ ይቀንሳል እንጂ ጎርፍ አይደርስም ማለት አይደለም። የመንገድ ቱቦ ሞልቶ የሚመጣ የዝናብ ውሃ ካርታው ላይ ላይታይ ይችላል። ሪልተሩ “ችግር የለውም” ቢላችሁም ራሳችሁ እዩት።

“የመቶ ዓመት ጎርፍ” ሲባል ተረጋግቶ መቀመጥ

በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስሌቱ ሌላ ነው፤ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት ሞርጌጅ ሲታሰብ ወደ 26 በመቶ ይደርሳል፤ ከአራት ቤት አንዱ እንደማለት። የሜሪላንዷ ኤሊኮት ሲቲ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 በከባድ ጎርፍ ተመታች። ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን አድሰው ሳይጨርሱት በሜይ 2018 ሌላ መጣባቸው።

“ግቢዬ ነው፣ ምን አገባቸው?”

በጎርፍ ዞን ፐርሚት የሚያስፈልገው ለቤት ግንባታ ብቻ አይደለም። አፈር መድልደል፣ መቆፈር፣ ድራይቭዌይ ማንጠፍ፣ ሼድ ማቆም፣ አጥር ማጠር፣ የግንባታ ዕቃ ማከማቸት ጭምር ይጠየቅበታል። ምክንያት አለው። እናንተ ግቢያችሁን በአፈር ከፍ ስታደርጉ ውሃው ቦታ አጥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ዋናው የውሃ መሄጃ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሥራው የጎርፉን ከፍታ እንደማይጨምር መሐንዲስ አስልቶ ማረጋገጥ አለበት።

ከታች ያለውን ክፍል መኝታ ማድረግ

እዚህ ላይ ልቆይ፣ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የአይዳ ሄሪኬን ቅሪት ኒውዮርክን ሲመታ በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ ቤዝመንት ውስጥ የነበሩ ናቸው። ውሃ በደረጃው ሲወርድ በሩን ከውጭ ይገፋዋል፤ ከውስጥ ያለው ሰው ሊከፍተው አይችልም። ሕጉ ጥብቅ የሆነው ለዚህ ነው።

በኤ ዞን አዲስ የመኖሪያ ቤት ሲሠራ፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ ካላቸው አካባቢዎች በቀር፣ ከተሰላው የመቶ ዓመት ጎርፍ ከፍታ በታች ቤዝመንት አይፈቀድም። ብዙ ቦታ በዚያ ከፍታ ላይ ተጨማሪ 1 ወይም 2 ጫማ ይጠየቃል። የቴክሳሷ ሂውስተን ከሃርቪ ሄሪኬን ጎርፍ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን አጥብቃ፣ ከ500 ዓመቱ ጎርፍ (በየዓመቱ 0.2 በመቶ ዕድል ካለው) ከፍታ 2 ጫማ በላይ እንዲሠራ አዛለች። ከፍ ተደርጎ በተሠራ ቤት ሥር የታጠረ ክፍል ካለ የሚፈቀደው ለመኪና ማቆሚያ፣ ለመግቢያና ለዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ነው። አልጋ ማስገባት ክልክል ነው።

እንዲህ ዓይነት ክፍል ግድግዳው ላይ ከመሬት ብዙም ያልራቁ ቀዳዳዎች አሉት። ብርድና አይጥ ያስገባሉ ተብሎ በፎም ወይም በፕላይውድ ሲደፈኑ ይታያል። እባካችሁ አትድፈኗቸው። ውሃው ገብቶ እንዲወጣና ግድግዳውን ገፍቶ እንዳይጥለው የተተዉ ናቸው። መለኪያቸውም የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ካሬ ጫማ ወለል 1 ካሬ ኢንች፣ ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ፣ የቀዳዳው የታች ጠርዝ ከመሬት ከ1 ጫማ ያልበለጠ።

የ50 በመቶውን ሕግ አለማወቅ

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይህ ነው። ከጎርፍ ካርታው በፊት የተሠራ አሮጌ ቤት እንዳለ ሊቆይ ይችላል። የእድሳቱ ወጪ የሕንፃውን ዋጋ ግማሽ ከነካ ግን ቤቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ የዛሬውን መስፈርት ማሟላት አለበት። ቤቱን ከፍ ማድረግ፣ ቤዝመንቱን በአፈር መሙላት ሊመጣ ይችላል።

ቤቱ 600,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ መሬቱ 350,000፣ ሕንፃው 250,000 ነው። መሬቱ ስሌት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መስመሩ 125,000 ዶላር ነው። ኪችን፣ ጣሪያና ቤዝመንት አንድ ላይ ከተሠሩ እዚያ መድረስ ከባድ አይደለም።

“ወንድሜ አናጺ ነው፣ በነፃ ይሠራልኛል” ማለትም አያድንም። የነፃ ጉልበትና በስጦታ የመጣ ዕቃ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይደመራል። ዘንድሮ ኪችን፣ ለከርሞ ቤዝመንት ብሎ መከፋፈልም ሁልጊዜ አይሠራም፤ የዓመታቱን ወጪ የሚደምሩ አካባቢዎች አሉ። በጎርፍም ሆነ በእሳት ለተጎዳ ቤት ጥገናም ሕጉ ያው ነው። ጉዳቱ በጎርፍ ከሆነና የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ካላችሁ፣ ቤቱን መስፈርቱ ላይ ለማድረስ እስከ 30,000 ዶላር የሚያግዝ ክፍያ አለ። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ነው።

ደመና ሲያዩ ኢንሹራንስ መፈለግ

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ከብድር ጋር ካልተያያዘ በቀር በአብዛኛው 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ቤዝመንት ላይ ደግሞ ቦይለሩንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን የመሳሰለውን ይሸፍናል እንጂ ሶፋውን፣ ምንጣፉንና አሳምራችሁ ያስጨረሳችሁትን ግድግዳ አይከፍልም።

ኮንትራክተሩን አምኖ ፐርሚት መተው

“ፐርሚት ያዘገይሃል፣ ታክስህንም ይጨምራል” የሚል ኮንትራክተር አይጠፋም። እሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ደብዳቤው የሚመጣው ለእናንተ ነው። ካውንቲው ሥራውን ሊያስቆም፣ የተሠራውን ሊያስፈርስ ይችላል። እምቢ ካላችሁ ቤቱ የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዳይሸጥለት ፊማን መጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው።

ስለዚህ ከኮንትራክተሩ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ለካውንቲው የፐርሚት መሥሪያ ቤት ደውሉና የጎርፍ ዞን ጉዳይ የሚይዘውን ሰው አገናኙኝ በሉ። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ዞኔ ምንድን ነው፣ የጎርፉ ከፍታ ስንት ነው፣ የ50 በመቶውን ስሌት በስንት ዓመት ትደምራላችሁ። የቤቱ የከፍታ ሰርተፊኬት (ወለሉ ስንት ከፍታ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ሰነድ) ፋይል ውስጥ ካለም ኮፒ ውሰዱ፤ ከሌለ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይሠራላችኋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ ብዙ ቢሮ የሚያውቀው ቋንቋ ነው። መልሱንም በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።