ለፕሮፌሽናል ቤዝቦል ቡድን አዲስ ማናጀር እንዴት ይመረጣል?

በቤዝቦል ማናጀር የሚባለው በእግር ኳስ ዋና አሰልጣኝ የምንለው ሰው ነው። አሰላለፍ ያወጣል፣ ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረውን ተጫዋች) ይቀይራል፣ ከጨዋታ በፊትና በኋላ ለጋዜጠኞች መልስ ይሰጣል። ተጫዋች የሚያስፈርመውና የሚሸጠው፣ ማናጀሩንም የሚቀጥረው ግን ጄኔራል ማናጀሩ ወይም የቤዝቦል ጉዳዮች ፕሬዚዳንቱ ነው። የሚከተለው አካሄድ 30 ቡድኖች ላሉት የአሜሪካ ሜጀር ሊግ የሚሆን ነው።

1. ከሰው በፊት ሥልጣኑን ወስኑ

የማንንም ስም ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። በዕለቱ አሰላለፍ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ወርዋሪ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ማን ነው? የወርዋሪዎችን አሰልጣኝ ማን ይመርጣል? ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ማናጀሩ ወሳኙ እኔ ነኝ ብሎ ይገባል፤ የዳታ ክፍሉ (የጨዋታ ቁጥሮችን የሚተነትነው) ደግሞ ያወጣው ዕቅድ እንዲፈጸምለት ይጠብቃል። ቡድኑ እያሸነፈ ሳለ ማንም ልብ አይለውም፤ ሽንፈት ሲደራረብ ግን ይፈነዳል።

2. ፈቃድና ጊዜ

ሌላ ቡድን ጋር ውል ያለውን አሰልጣኝ ከማነጋገራችሁ በፊት ቡድኑን ፈቃድ ጠይቁ። በሥራ ላይ ያለ ማናጀር ከፈለጋችሁ ካሳ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ቦስተን በጥቅምት 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማናጀሩን ጆን ፋረልን ከቶሮንቶ ሲወስድ ተጫዋቹን ማይክ አቪሌስን ሰጥቷል፤ በዓመቱም የሊጉን ዋንጫ አነሳ። እጩ ስትሰበስቡ በ1999 የወጣውን፣ ከአናሳ ብሔረሰቦች የመጡ እጩዎችም እንዲታዩ የሚያዘውን የሊጉን ደንብ አክብሩ። ምርጫውን ከታኅሣሥ በፊት ጨርሱ፤ ከዘገያችሁ ጥሩ ረዳት አሰልጣኞች በሌሎች ተይዘው ይቆዩአችኋል።

3. ዝርዝሩ

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ቀድሞ ማናጀር የነበረ፣ የማናጀር ምክትል ሆኖ የሚሠራና በታችኛው ሊግ ቡድን የመራ ቀላቅሉ። ልምድ ብቻውን መለኪያ አይሁን፤ አሮን ቡን ኒውዮርክ ያንኪስን ሲረከብ አንድም ቀን አሰልጥኖ አያውቅም፣ በመጀመሪያ ዓመቱ በ2018 ግን 100 ጨዋታ አሸነፈ።

4. ውሳኔውን ፈትኑ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። "ፍልስፍናህ ምንድን ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ የተጠና መልስ ነው የምታገኙት። ይልቅ አንድ የጨዋታ ሁኔታ በወረቀት ስጡት፦ ሰባተኛው ኢኒንግ (ከዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች አንዱ) ነው፣ በአንድ ነጥብ ትመራላችሁ፣ ነጥብ ሊያስቆጥሩ የሚጠብቁ ሁለት የተጋጣሚ ሯጮች ቤዝ (ማረፊያ) ላይ አሉ። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ 88 ኳስ ወርውሯል፤ ተረኛው ግራኝ መቺ ዛሬ ሲገጥመው ሦስተኛ ጊዜው ነው። መቺዎች አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት በተሻለ ይመቱታል። የተቀያሪ ወርዋሪዎችን ስም ዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ባለፉት ሦስት ቀናት የወረወረውን ኳስ ብዛት ጻፉ።

ደካማው እጩ፣ ግራኝ መቺ በግራኝ ወርዋሪ ስለሚቸገር፣ "ግራኙን ወርዋሪ አስገባለሁ" ብሎ ያቆማል። ከ2020 ወዲህ ግን የሚገባው ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም የኢኒንጉን አጋማሽ (የአንዱን ቡድን የመምታት ተራ) መጨረስ አለበት፤ ስለዚህ ጥያቄው ስለ አንዱ ሳይሆን ስለ ሦስቱ መቺዎች ነው። ጎበዙ ከሁሉ በፊት "ማን አሟሙቋል?" ይላል። ያልተሟሟቀ ክንድ በቅጽበት አይገባምና፣ ውሳኔው መጀመር የነበረበት ቀደም ብሎ እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ "የቀየርከው ወርዋሪ ተመታ፣ ተሸነፍን፤ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፣ አስረዳኝ" በሉት። ጥፋቱን በወርዋሪው ወይም በዳታ ክፍሉ ላይ ከጣለ መዝግቡት፤ በዓመት 162 ጨዋታ አለ፣ ተጫዋቾቹም ያንን ይሰማሉ። የ2020 የዓለም ሲሪስ (የሊጉ የፍጻሜ ተከታታይ ግጥሚያ) ስድስተኛ ጨዋታንም አንሱበት፦ ታምፓ ቤይ 1 ለ 0 እየመራ ወርዋሪውን ብሌክ ስኔልን በ73 ኳስ አስወጣ፣ 3 ለ 1 ተሸነፈ። እዚህ ላይ የምትፈልጉት ትክክለኛ መልስ አይደለም፤ ውሳኔን ከውጤት ለይቶ ማየት ይችል እንደሆነ ነው።

5. ጀርባውን አጣሩ

አሪዞና ዳይመንድባክስ በኅዳር 2004 ማናጀር መሾሙን አስታውቆ በአራት ቀን ውስጥ አሰናበተው፤ ሰውየው የነበሩበት የሕግና የገንዘብ ችግሮች የታወቁት ከሹመቱ በኋላ ነበር። የፍርድ ቤትና የዕዳ መዝገብ ሹመቱ ሳይነገር ይታይ። ምስክርም እሱ ከሰጣችሁ ስሞች ብቻ አትቀበሉ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውን ተጫዋቾችና የሕክምና ባለሙያዎችን ጠይቁ። "ከአሰላለፍ ሲያወጣህ በማን አፍ ሰማህ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ያወጣል።

6. ውል

ሦስት ዓመትና ቡድኑ ሊያራዝመው የሚችል አንድ ዓመት መልካም ነው። የመጨረሻው ዓመት ሳይራዘም እንዲጀመር አትፍቀዱ፤ ሊሄድ ነው የተባለ ማናጀር ሲናገር የሚሰማው ያንሳል። ከፊርማው በፊትም የወርዋሪዎች አሰልጣኙ ማን እንደሚሆን ተስማሙና በመጀመሪያው ቀን በጻፋችሁት ገጽ ላይ ስሙን ጨምሩ።